ለጎባው ፊታውራሪ፦ ስለ ድምፅ መለኪያው ብረት፣ ስለ በገናዬና ስለ ልጄ ሠርግ

ይድረስ ለክቡር ፊታውራሪ ደምመላሽ፣ የጎባና የዙሪያዋ ገዥ፣ የመሬትና የእህል አስለኪ፣ ካለፈው ጥቅምት ወዲህ ደግሞ የድምፅ ሁሉ አስተካካይ፤

ክቡር ሆይ፣ የባሌ ብርድ ጉልበትዎን ሳይነካው፣ የሳነቲ ጉም ደረትዎን ሳያፍነው፣ ከነቤተሰብዎና ከነበቅሎዎችዎ እንዴት ከርመዋል? እኔ የሟቹ የባሻ ኃይለየሱስ ሚስት ወለተኢየሱስ፣ ከጦጎና ወንዝ ማዶ የምኖረው በገና ደርዳሪዋ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ያልሆነው ድምፄ ብቻ ነው፤ እሱም የተበላሸው በእርስዎ ትእዛዝ እንጂ በሕመም ስላልሆነ አያስጨንቅዎ።

ይህን ደብዳቤ በገበያ ቀን በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ያደረግሁት በድፍረት አይደለም። ደጅ ብጠና ብጠና አጋፋሪዎ «ፊታውራሪ ድምፅ እያስተካከሉ ነው» እያለ ስለመለሰኝ፣ ለሕዝቡ ብነግር ከሕዝቡ አንዱ ያደርስልኛል ብዬ ተስፋ አድርጌ ነው።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ላመሰግንዎ እወዳለሁ። እኛ ከመንዝ ተነሥተን ባሎቻችንን ተከትለን እዚህ ደጋ ላይ ስንሰፍር ሁሉ ነገር ያለ ልክ ነበር። እርስዎ መሬቱን በቃላድ አስለኩ፤ እህሉን በቁና፣ ማሩን በጉንዶ ወሰኑ። ጎረቤቴ ኦቦ አደም፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት አባቶቻቸው በዚሁ ምድር ከብት ያረቡ የነበሩ ሽማግሌ፣ ይህ የቃላድ ገመድ ለሚዘረጋው ሰው እንደሚረዝም፣ ለሚዘረጋበት ሰው ደግሞ እንደሚያጥር አስተውለው ነግረውኝ ነበር። እኔም ገመድ በብርድ ይኮማተራል ብዬ አጽናናኋቸው። እንግዲህ ሳይለካ የቀረ ድምፅ ብቻ ነበር፤ እርስዎም ሆደ ሰፊ ስለሆኑ አላለፉትም።

ከገሰራ እህል ጭኖ የመጣ፣ ነገሩን ያልሰማ ገበያተኛ ቢኖር ግራ እንዳይገባው ከመነሻው ልንገረው። ባለፈው ጥቅምት ከደሎ መና ቡናና ማር ጭኖ የወጣ አንድ የግሪክ ነጋዴ በጎባ ሲያልፍ፣ ኬላውን በሰላም ስላሳለፉት ለክቡርነትዎ ሁለት ጣት ያለው፣ ሹካ የመሰለ ትንሽ ብረት አበረከተ። ብረቱን ጉልበት ላይ መትተው ወደ ጆሮ ሲያስጠጉት አንድ ቀጭን ድምፅ ይሰጣል፤ መቼም ቢመቱት ያንኑ ነው። ነጋዴውም «በእኛ አገር የዜማ መሣሪያ ሁሉ የሚቃኘው በዚህ ነው» አለ። እርስዎ ብረቱን ራስዎ ደጋግመው መትተው ከሰሙ በኋላ «እንግዲያው እኛ እስከ ዛሬ ስንሰማ የኖርነው ምን ነበር?» አሉ ይባላል። ጥያቄው መልካም ነበር። ችግሩ የመጣው መልስ ስለሰጡት ነው።

በማግሥቱ ነጋሪት ተጎሰመና በጎባ ምድር ያለ በገና፣ ክራር፣ መሰንቆ፣ ዋሽንትና እምቢልታ ሁሉ በዚያ ብረት ድምፅ እንዲቃኝ፣ ከዚያ የወጣም እንዲወረስ ታወጀ። ብረቱን እንዲይዝ የግቢዎ ድንኳን ተካይ ገብረ ሥላሴ «የድምፅ ሹም» ተብሎ ተሾመ። ብዙ ሰው አጉረመረመ፤ እኔ ግን ካስማ ሲመታ የኖረ ሰው ድምፅ ያውቃል ብዬ ተከራከርኩለት። አንዱ ጆሮው በዘመቻው ጊዜ በመድፍ መደንቆሩን የሰማሁት ዘግይቼ ነው።

አቤቱታዎቼ እንግዲህ እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ ስለ ነጋሪቱ። ገብረ ሥላሴ ትጉህ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ የፈተሸው አዋጁ የታወጀበትን ነጋሪት ነበር፤ ከብረቱ ጋር አልገጠመም። ቆዳውን በእሳት አሞቁት፣ ወጠሩት፣ እንደገና አሞቁት፤ አሁንም አልገጠመም። ክቡርነትዎ በሕግ የማያዳሉ ስለሆኑ ነጋሪቱ ተወርሶ እቃ ቤት ተቆለፈበት። በተወረሰ ነጋሪት የታወጀ አዋጅ ይጸናል ወይ ብለው የሚጠይቁ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልጠየቅሁም፣ የጠየቁትን ብቻ ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን ትእዛዝዎ የሚነገረው አጋፋሪው ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ እየጮኸ ነው፤ እሱም ሳል ስላለበት ለሕዝቡ የሚደርሰው ግማሹ ነው። ባለፈው ለጭነት በቅሎ ይቅረብ ያሉትን የታችኛው ሰፈር ሰው በቆሎ ብሎ ሰምቶ፣ በዚህ ውርጭ ምድር በቆሎ ከየት ይገኛል እያለ እስከ ደሎ መና የወረደ አለ። እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ሚስቱ ሰላምታ ታቀርብልዎታለች።

ሁለተኛ፣ ስለ በገናዬ። በገናዬን የወረስኳት ከአባቴ ነው። አውታሮቿ የበግ አንጀት ናቸው፤ የበግ አንጀት ደግሞ ርጥበት ሲነካው ይላላል፤ ይህ የበጉ ጥፋት እንጂ የእኔ አይደለም። በአዋጁ መሠረት በገናዬን ተሸክሜ ወደ ግቢዎ ወጣሁ፤ ገብረ ሥላሴ ብረቱን መታ፣ እኔም ቃኘሁ፣ «ገጥሟል» ብሎ አሰናበተኝ። ጦጎናን ተሻግሬ ቤቴ እስክገባ ግን ጉሙ አውታሮቹን አላላቸው። ገብረ ሥላሴ ሊፈትሽ ተከትሎኝ መጣና «ወይዘሮ ወለተኢየሱስ፣ ከሕግ ወጥተዋል» አለኝ። ተመልሰን ወጣን፤ ቃኘሁ፤ ተመልሰን ወረድን፤ ላላ። ያን ሰሞን ሁለታችን በወንዙ ስንመላለስ ያየ ሰፈርተኛ ልንጋባ ነው ብሎ አምቶናል። በዚያ ላይ የገብረ ሥላሴ ጉልበት ከመመታት ብዛት ስላበጠ ብረቱን ባለመሣሪያው ጉልበት ላይ መምታት ጀመረ። ይህን ስጽፍ ሻሽ አስሬ የተቀመጥሁት ከራሴ ላይ ሳይሆን ከጉልበቴ ላይ ነው።

ይህም ሁሉ ይቻል ነበር። ያልተቻለው ሌላ ነገር ነው። በገና የሚቃኘው በደርዳሪው ድምፅ ነው፤ የእርስዎ ብረት ደግሞ ከእኔ ድምፅ በላይ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደ ልማዴ ጎረቤቶቼ ሊሰሙ መጡ። ባሌ ከሞተ ጀምሮ በየዓመቱ በዚያ ጾም ስለ ነፍሱ እደረድራለሁ፤ እነሱም ከእኔ ጋር ያለቅሳሉ። በዚህ ዓመት በብረቱ ልክ ቃኝቼ አፌን ስከፍት የወጣው ድምፅ ጅራቷን በር የቆነጠጣት ድመት ድምፅ ነበር። ሰዎቹ ሳቃቸውን በነጠላቸው አፍነው አንድ በአንድ ወጡ። የቄሱ ሚስት ፈለቀች ብቻ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ አለቀሰች። «ስለ ባሻ ነው ፈለቀች?» ብዬ ብጠይቃት «የለም፣ ስለ አንቺ ነው» አለችኝ። በገናዬን ያን ዕለት በልብሷ ጠቅልዬ ግድግዳ ላይ ሰቀልኳት።

ይህንን ለእርስዎ በሰው ብልክ «ድምፅዋ ዝቅ ያለ እንደሆነ ድምፅዋን ከፍ ታድርግ» ብለው መልስ ሰጡኝ፤ ጉሮሮዬን እንዲያለሰልስልኝም አንድ ቅል ማርና አንድ ቅል ቅቤ ሰደዱልኝ። በዐቢይ ጾም ቅቤ መላክዎ ከነፍሴ ይልቅ ስለ ድምፄ ምን ያህል እንደተጨነቁ አሳይቶኛልና አመሰግናለሁ። ማሩ ጥሩ ነበር።

ሦስተኛው የእኔ አይደለም፤ ባለቤቱ ለክቡርነትዎ መጻፍ ስላልፈለጉ እኔ እጽፋለሁ።

ኦቦ አደም ከብቶቻቸውን የሚሰበስቡት በሸምበቆ ዋሽንት ነው። ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ከቤታቸው ጀርባ ጉብታ ላይ ወጥተው ሲነፉ፣ ከብቱ ከየሜዳው ራሱን ቀና አድርጎ በራሱ ጊዜ ወደ በረት ይገባል። ገብረ ሥላሴ ዋሽንቱን በብረቱ ፈተሸና ዝቅ ብሎ አገኘው። ኦቦ አደም ሸምበቆ እንደ አንጀት እንደማይወጠር ቢነግሩትም «ካጠረ ድምፁ ይቀጥናል» ብሎ ጫፉን በቢላዋ ቆረጠው። እውነትም ድምፁ ቀጠነ፤ ገጠመም። ገብረ ሥላሴ በጣም ደስ አለው።

ያን ዕለት ኦቦ አደም ቢነፉ ከብቶቹ ሌላ ሰው የሚጠራቸው መስሏቸው ሸሽተው ወደ ሳነቲ አመሩ። በማግሥቱ እሳቸውና ልጆቻቸው፣ እኔም ከልጄ ከሠርከአዲስ ጋር፣ ጉሙ ውስጥ ስንፈልግ ዋልን። ገብረ ሥላሴም ዋሽንቱ በትክክል መነፋቱን ለመቆጣጠር ተከትሎናል። መቼም አይገኙም ብለን ተስፋ በቆረጥን ጊዜ ኦቦ አደም ዋሽንቱን ብብታቸው ውስጥ ከተው በሁለት ጣታቸው አፏጩ። ከጉሙ ውስጥ መጀመሪያ አንዲት ላም፣ ቀጥሎ ሌሎቹ ብቅ ብቅ አሉ። ሽማግሌው እያንዳንዳቸውን በስማቸው እየጠሩ አንገታቸውን ዳበሱ። በዚህ መሐል ገብረ ሥላሴ ብረቱን መትቶ፣ በደህና ጆሮው ሰምቶ «ፉጨትዎም ከፍ ብሏል» አለ።

ኦቦ አደም ወደ እሱ አላዩም። ወደ እኔ ዞረው «ኩን ማሊ?» አሉኝ፤ ይህ ምንድን ነው ማለታቸው ነው። መሬታቸው ሲለካ ስለ ገመድና ስለ ብርድ መልስ የነበረኝ ሴትዮ ያን ጊዜ ላሞቹን መቁጠር ጀመርኩ። ከከብቶቹ መካከል አንዲት ጊደር አልተገኘችም። ቆይተው አፅሟን ድንጋይ ሥር አገኙት። ስለ ፉጨቱ ግን ክቡርነትዎ አፍን መውረስ እንደማይመች ተረድተው በማስጠንቀቂያ ስላለፏቸው ኦቦ አደም ያመሰግናሉ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ጠይቄያቸው እንደማያመሰግኑ ስለነገሩኝ ትቼዋለሁ።

አሁን ወደ ልጄ ሠርግ ልምጣ፤ ይህን አራተኛ ብዬ ልቁጠረው ወይስ የሁሉም መጨረሻ ልበለው አላውቅም።

ልጄ ሠርከአዲስ ለሮቤው ልጅ ለደጀኔ ታጭታ ነበር። ሮቤን የሚያስተዳድሩት ቀኛዝማች ገብረወልድ፣ ጎባ የድምፅ ብረት እንዳላት ሲሰሙ ቅናት ቢጤ ስለያዛቸው፣ ከአንድ አርመን የራሳቸውን ብረት አስመጡ። የሮቤው ብረት ከእኛው በትንሹ፣ በአንዲት ትንኝ ድምፅ ያህል ዝቅ ይላል። ሮቤዎች የእነሱ ድምፅ ሆድ ያረጋጋል፣ ገብሱን ፍሬ ያስይዛል፣ ተጨቃጫቂ ባልና ሚስት ያስታርቃል ይላሉ። የጎባ ሰዎች ደግሞ የእኛው ልብ ያጀግናል፣ የሮቤው ወንዱን እንቅልፋም ያደርጋል ብለው ይመልሳሉ። እኔ ሁለቱንም ብረት በአንድ ቀን ሰምቻቸዋለሁ፤ ራሴን ነው ያመመኝ።

ከፋሲካ በኋላ ሠርጉ ሲቃረብ ታዲያ ሙሽራዪቱ በየትኛው ድምፅ ትሸኝ የሚለው ነገር ተነሣ። ከእርስዎም ከቀኛዝማችም ዘንድ ሽማግሌዎች ሄደው መጥተው፣ እስከ ሸያ ወንዝ ድረስ የእኛ አዝማሪ በጎባ ድምፅ እንዲጫወት፣ ከወንዙ ወዲያ የእነሱ አዝማሪ በሮቤ ድምፅ እንዲቀበል ተስማሙ። ወንዙ መሐል ላይ ምን ይሁን የሚለው ግን አልተፈታም። ዝም ቢባል ለሙሽራ ገዱ ክፉ ነው ተባለ። በመጨረሻም ሙሽራዪቱ ውሃ ውስጥ እስካለች ድረስ ሁለቱም አብረው ይጫወቱ ተብሎ ተወሰነ። ይህን የወሰኑት ሽማግሌዎች በዕለቱ ከወንዙ ርቀው መቆማቸውን አይቻለሁ።

የበልጉ ዝናብ ከተራራው ስለወረደ ሸያ ሞልቶ ነበር። ልጄ በበቅሎ ሆና ገባች። በዚህ ማዶ የእኛው አዝማሪ፣ በዚያ ማዶ የነሱው፣ ሁለቱም ባለ በሌለ ኃይላቸው መሰንቆአቸውን ገዘገዙ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎ አልነበሩም፤ እንኳንም አልነበሩ። ድምፆቹ ውሃው ላይ ሲገናኙ ሰው ሁሉ ጥርሱን ነከሰ። በቅሎዋ ጆሮዋን አጥፋ መሐል ወንዝ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ወደ ፊት ቢሏት አልሄድም፣ ወደ ኋላ ቢሏት አልመለስም አለች። የእርስዎ ወታደሮች «የእናንተን አስቁሙ» ብለው ጮኹ፤ የቀኛዝማች ወታደሮች «መጀመሪያ የእናንተን» ብለው መለሱ። ከዚያ ከሁለቱም ማዶ የጠመንጃ ምላጭ ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ። ውሃው የልጄን ጉልበት አልፎ ነበር። እኔ እናቷ ማዶ ቆሜ መጮህ እንኳ አልቻልኩም፤ ድምፄ በቅሎዋን ይብሱን እንዳያስደነብራት ፈራሁ።

ሠርከአዲስ የፊቷን መሸፈኛ ገለጠች። ልጄ ድምፅዋ እንደ እኔው ዝቅ ያለ ነው፤ ግን ሁለቱም ማዶ ተሰማ።

«ደጀኔ፣ እኔን ነው የምትፈልገው ወይስ ድምፁን?» አለችው።

ደጀኔ ከሮቤ በኩል ቆሞ ነበር። የቀኛዝማች የድምፅ ሹም «ሙሽራው ከወሰን እንዳያልፍ» ብሎ ክንዱን ያዘው። ልጁ ሹሙን በትሕትና ክንዱን አስለቅቆ «አንቺን» አላትና ከነሠርግ ልብሱ ውሃው ውስጥ ገባ። የበቅሎዋን ልጓም ይዞ በጆሮዋ አንድ ነገር አንሾካሾከ፤ አዝማሪዎቹም እሱን ሲያዩ እጃቸው ቆመ። በቅሎዋ ተንቀሳቀሰች። እግሯ የሮቤን ምድር ሲረግጥ ፈለቀች ከአጠገቤ እልል አለች። ቀጥሎ እኔ፣ ቀጥሎ ከወዲህ ማዶ ያለች ሴት ሁሉ፣ ቀጥሎ የሮቤ ሴቶች። ማን በየትኛው ድምፅ እልል እንዳለ የሚያውቅ አልነበረም፤ ጠመንጃዎቹም ወደ ትከሻ ተመለሱ።

ገብረ ሥላሴ ግዴታውን አልረሳም። ብረቱን የሚዜ ጉልበት ላይ መታና ወደ ጆሮው አስጠጋ። እንደገና መታ። ወደ ደንቆሮው ጆሮው አዛወረው። በመጨረሻ ብረቱን መቀነቱ ውስጥ ሻጠና «እልልታ በአዋጁ አልተጻፈም» ብሎ ጠላ እንዲቀዱለት ለመነ። ከተሾመ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። እባክዎ በዚህ አይቅጡት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ይህ ደብዳቤ አይጻፍም ነበር። ክቡርነትዎ ግን ወሬው ሲደርስዎ፣ በአዋጁ ውስጥ ቀዳዳ መገኘቱ አሳስቦዎት፣ በጎባ ያለች ሴት ሁሉ በሚመጣው ሐሙስ ወደ ግቢዎ ወጥታ እልልታዋን እንድታስለካ፣ እስከዚያም ማንም ሴት እልል እንዳትል አዘዙ። ትላንት የጎረቤታችን ምራት በሰላም ወለደች። ሕፃኑ ወንድ ነው፤ ጤነኛም ነው። እኛ ግን በራፉ ላይ ቆመን በዝምታ እርስ በርስ ስንተያይ፣ አራሷ ልጁ የሞተ መስሏት ከውስጥ ማልቀስ ጀመረች። ገብተን ሕፃኑን አቅፈን እስክናሳያት ድረስ አላመነችንም።

ስለዚህ የጎባ ሴቶች ተመካክረናል። ትእዛዝዎን እናከብራለን፤ ሐሙስ እንመጣለን። አንድ በአንድ መምጣት ጊዜዎን እንዳያባክን ሁላችንም አብረን እንመጣለን። የሮቤ ሴቶችም ልካቸውን ማወቅ ስለፈለጉ ሸያን ተሻግረው ይመጣሉ፤ የኦቦ አደም ሚስትና ምራቶችም እልልታ የእነሱም ስለሆነ አንቀርም ብለዋል። አዳራሽዎ ውስጥ ገብተን እንጀምራለን፤ ገብረ ሥላሴም ብረቱ እስኪገጥም ድረስ ያለ ችኮላ ይለካ። እኛ ስንቅ ይዘናል። ክቡርነትዎም ፍርዱን በቅርብ ሆነው እንዲሰሙ ወንበርዎን መሐላችን እናስቀምጥልዎታለን። በቅሎዎችዎን ግን ቀደም ብለው ከግቢ ቢያስወጧቸው መልካም ነው፤ እነሱ በአዋጁ ምንም አልበደሉም።

ዕድሜዎን እንደ ሳነቲ መንገድ ያርዝምልዎ፤ ጆሮዎን ይጠብቅልዎ፤ የሚለካ ነገር አያሳጣዎ እያልኩ፣ ጉልበቴ እስከ ፈቀደልኝ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣ ትእዛዝዎን በጽሞና የምጠብቀው፣ የእርስዎው ታዛዥ፣

ወለተኢየሱስ፣ የሟቹ የባሻ ኃይለየሱስ ሚስት፣ የሠርከአዲስ እናት
ጎባ፣ ከጦጎና ማዶ፣ በግንቦት ወር ተጻፈ።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ የሚያነበው ሰው በየትኛው ድምፅ ላንብበው ብሎ ፈርቶ ጠይቆኝ ነበር። የጠፋ አህያ በሚጠራበት ድምፅ እንዲያነበው ነግሬዋለሁ፤ ክቡርነትዎ የትም ቢሆኑ ይሰሙታል ብዬ አምናለሁ።